ቆማችሁ የምታዩት ማሽን የትኛው ነው?

ጣርማበር፦
ሥራ ፈት አትበሉኝና ማሽን ሲሠራ ቆሜ ማየት እወዳለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ እስካቫተር በሚቆፍርበት ሁሉ አጥር ተደግፎ የሚያይ ሰው አይጠፋም፤ ከነሱ አንዱ እኔ ነኝ። ግን ትልቅነት ብቻውን ቶሎ ይሰለቻል። የማይሰለቸኝ ኮምፒዩተር ሳይኖረው፣ ሰው ሳይነካው፣ ራሱን በራሱ የሚያርም ማሽን ነው።

ለምሳሌ የውሃ ወፍጮ። ውሃው በቦይ ተንደርድሮ ይወርድና ከታች የተጋደመውን መዘውር ይመታል። ከመዘውሩ የተነሳው ዘንግ በታችኛው ድንጋይ መሃል አልፎ የላይኛውን ይዞ ይዞራል። ማርሽ የለ፣ ቺንጋ የለ። ከበላይ እህል የያዘው ቋት ተንጠልጥሏል። ከቋቱ አፍ አንዲት እንጨት ወርዳ የሚዞረው ድንጋይ ላይ ታርፋለች። ድንጋዩ ሸካራ ነውና እንጨቷ ትንቀጠቀጣለች፤ እሷ ስትንቀጠቀጥ እህሉ ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው ከበረታ ድንጋዩ ይፈጥናል፣ እንጨቷም አብዝታ ትንቀጠቀጣለች፣ እህሉም ይበዛል። ውሃው ሲቀንስ ሁሉም በየልኩ ይቀንሳል። አስቡት፣ ይህን ሁሉ የምታደርገው አንዲት ጭራሮ የምታክል እንጨት ናት!

እናንተስ? ከሰሜን ሸዋ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ባይሆንም ግድ የለም። የቲክቶክ ቪዲዮ ግን አይቆጠርም። በዓይናችሁ ያያችሁትን።

ሊስተር_ስድስት፦
አንተ ልጅ፣ ደግ ነገር አነሳህ። የኔ ሊስተር ነው፣ የወፍጮ ቤቱ የናፍጣ ሞተር። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው ድምፁን ከማዶ ይለየዋል። አንድ ሲሊንደር፣ ስድስት ፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 650 ዙር። ከዛሬ ሞተሮች አንጻር ዝግ ያለ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዷን ምት ለይተህ ትሰማታለህ።

አነሳሱ ራሱ ትርኢት ነው። የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ከፍተው ይይዙታል፤ ያኔ መዘውሩ ሳያስቸግር ይዞራል። ሰውየው በመዘወሪያው ብረት እያዞረ፣ እያዞረ፣ በቂ ፍጥነት ሲያገኝ ቫልቩን ይለቀዋል። የመጀመሪያዋ ዱም! ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል። ከዚያ ለብቻው ነው።

አሁን አንተ ወዳልከው ልምጣ። ጤፍ ሲገባ ድንጋዩ ይከብዳል፣ ሞተሩ ሊደክም ይላል። ገቨርነር የሚባል ነገር አለው፤ አብረው የሚሽከረከሩ ክብደቶች ናቸው። ፍጥነት ሲጨምር ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ሲቀንስ ሞላው ወደ ውስጥ ይሰበስባቸዋል። ሲሰበሰቡ ከፖምፓው ጋር የተያያዘውን ብረት ይገፉና ናፍጣ ያስጨምራሉ። ድምፁ ይወፍራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ፍጥነቱ ግን ብዙም አይነቃነቅም። እህሉ ሲያልቅ ደግሞ ድምፁ ቀለል ይላል። ወፍጮው ሥራ ላይ ይሁን ባዶውን ይዙር፣ ውጭ የቆመ ሰው በጆሮው ያውቃል።

ይህንኑ ዘዴ ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 የእንፋሎት ሞተር ላይ አዋለው። ከዚያ በፊት ግን የነፋስ ወፍጮዎች ላይ ነበር፤ የድንጋዮቹን መቀራረብ ይቆጣጠሩበት ነበር። እንግዲህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የወፍጮ ቤት ልጅ ነው።

የሞላሌዋ፦
ጋሽ ሊስተር፣ ድንጋዩን እንዴት ይዘልሉታል? እናቴ ወፍጮ ቤት ነበራት፤ ቆሜ የማየው ሞተሩን ሳይሆን ሲወቀር ነበር።

ድንጋዩ ሲለሰልስ እህሉን መፍጨት ትቶ ያሸዋል። ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ይወጣል። ፈጪው ከመውጫው ሥር እጁን ይዘረጋና ዱቄቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸት አሸት ያደርገዋል። ቴርሞሜትር የለ፣ ምን የለ። «ይወቀር» ካለ ይወቀራል። የላይኛው ድንጋይ ይነሳና ይገለበጣል፤ ሰውየው ቁጭ ብሎ በመውቀሪያው ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። ላላየው ሰው ዝም ብሎ ድንጋይ ማቁሰል ይመስላል። ግን ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚሄዱ ቦዮች አሉ፤ እነሱን ነው የሚያድሳቸው። ዱቄቱን ገፍተው የሚያወጡት፣ አየርም አስገብተው የሚያቀዘቅዙት እነሱ ናቸው። ጥልቀቱ ቢበዛ ዱቄቱ ክክ ይሆናል፣ ቢያንስ ይቃጠላል።

የቤቱ ወፍጮስ ከነመጁ ይወቀር የለ? ያው ነው።

አንኮበር_ቁልቁል፦
ወፍጮ ከተነሳ አይቀር ታሪክ ልጨምር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) አንድ የውጭ አገር ባለሙያ አንኮበር ላይ የውሃ ወፍጮ ሠርቶላቸው ነበር። ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው አሉ። ወፍጮውም ቆሞ ቀረ። በዚያ ዘመን የመጡ ተጓዦች ጽፈውታል።

የሞላሌዋ፦
ካህናቱ ሌሊት ተነስተው ቢፈጩ ኖሮ አያወግዙትም ነበር።

ጣርማበር፦
ሃሃሃ! ይህን ያለ መልስ እንለፈው።

አንኮበር_ቁልቁል፦
እኔም አልመልስም፣ እናቴም ይህን ገጽ ታነባለች።

የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ምኒልክ አንጎለላ ተወልደው አንኮበር ያደጉ የዚሁ አገር ልጅ ናቸው፤ የማሽን ነገር ሲነሳ አያስችላቸውም ነበር። ሰርኪስ ተርዚያን የሚባለው አርመን የመንገድ መዳመጫ የእንፋሎት ሞተር አዲስ አበባ ድረስ አስመጣላቸው። «የሰርኪስ ባቡር» የሚባለው እሱ ነው። እኔ ግን ከማሽኑ በላይ የማከብረው የ1900 ዓ.ም. አዋጃቸውን ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሙያው እየተሳደባችሁ አታሸማቅቁት የሚል ነው። ማረሻውን ሠርቶ የሚያበላህን ሰው «ቡዳ» እያልክ ማሽን ከየት ይመጣል?

ወናፍ፦
አንኮበር_ቁልቁል፣ እጅህ ይባረክ። ወላጆቼ የዚያ ሙያ ሰዎች ናቸው፤ ስድቡን እኔም ደርሼበታለሁ። እሱን ለሌላ ቀን ልተወውና ስለ ወናፍ ላውራችሁ።

ሁለት የፍየል ቆዳ ነው። አንዱ ሲጫን ሌላው ይነሳል፣ ነፋሱ አይቆራረጥም። ይህን ሁሉም ያያል። የማይታየው የእጁ ሥራ ነው። የስልቻው አፍ ላይ ሁለት እንጨቶች አሉ፤ ሰውየው ሲያነሳው በጣቶቹ ይከፍታቸዋል፣ አየር ይገባል። ሲጫን ይገጥማቸዋል፣ አየሩ በቱቦው ወደ ፍሙ ይሄዳል። ቫልቩ የሰውየው ጣት ነው ማለት ነው። ግራና ቀኝ እጁ ተቃራኒ ሥራ እየሠሩ እሱ ከደንበኛ ጋር ስለ ዋጋ ይከራከራል። እስኪ ሞክሩት! ሁለቱም እጃችሁ አንድ ላይ ሊከፈት ይፈልጋል፣ ፍሙም ይሞትባችኋል።

ጥልፍ_በኮምፒዩተር፦
ሰላም ቤተሰብ። ሁሉም የድሮ ሆነብኝ። እኔ የጥልፍ ማሽን ላይ ነው የምሠራው፣ የሐበሻ ልብስ ጥለትና መስቀል። ብዙ ጭንቅላት ያለውን ቆማችሁ ብታዩት ከዚያ አትነቃነቁም። አንድ ዲዛይን ታስገባለህ፤ ሁሉም ጭንቅላቶች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ምት፣ ያንኑ መስቀል ይጠልፋሉ። ብዙ ሰው መርፌው የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል። መርፌው ያለበት ሆኖ ይወጣል ይወርዳል እንጂ የትም አይሄድም፤ የሚሄደው ጨርቁን የወጠረው ፍሬም ነው። ክር ከተበጠሰ ደግሞ ራሱ አውቆ ይቆማል። ራሱን የሚያርም ካላችሁ ይኸው።

ሊስተር_ስድስት፦
ያምራል፣ አልካድኩም። ግን ውስጡ ሣጥን ነው የኔ ልጅ። ለምን እንደቆመ አይታየኝም፤ ስክሪኑ ነው የሚነግረኝ። እኔ ዓይኔ እያየ እንዲገባኝ እፈልጋለሁ።

ጥልፍ_በኮምፒዩተር፦
ጋሼ፣ ገቨርነሩስ መቼ ይታያል? ሞተሩ ውስጥ አይደል ያለው?

ሊስተር_ስድስት፦
ይሰማል እኮ ነው የምልህ!

ብርድ_ልብስ፦
ልጁንም ጋሼንም ላስታርቅ። ፋብሪካ ውስጥ ሽመና ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ። ክር ሲበጠስ የሚቆም ማሽን ከኮምፒዩተር በፊትም ነበር፤ ደግሞ በዓይን ይታያል።

በእያንዳንዱ የድር ክር ላይ አንዲት ስስ ብረት ትንጠለጠላለች። ክሩ እስከተወጠረ ድረስ ይሸከማታል። ክሩ ሲበጠስ ብረቷ ጠብ ትላለች፤ ስትወድቅ የሚንቀሳቀሰውን ዘንግ ታግተዋለች፣ ማሽኑ ቀጥ ይላል። በሺህ ከሚቆጠሩት መሃል የወደቀችውን ብረት ፈልገህ ክሩን ትቀጥላለህ። ይህ ባይኖር አንዷ ክር የተበጠሰች ጊዜ ሜትር በሜትር የተበላሸ ጨርቅ ይወጣል፤ ወይም ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ጠባቂ ማቆም ነው።

ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ ክር ሲበጠስ የሚቆም፣ መወርወሪያውም ክር ሲጨርስ ሳይቆም የሚቀይር የሽመና ማሽን እ.ኤ.አ. በ1924 አወጣ። በ1929 የዚያን ማሽን ፈቃድ ለአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ሸጡት። ከዚያው ቤተሰብ ነው ቶዮታ መኪና የተወለደው። ዶልፊን ላይ ተሳፍራችሁ ጣርማ በር ስትወጡ ሸማኔ አስቡ።

መሐል_ሜዳ፦
ብርድ_ልብስ፣ ጨርቁ ላይ ጸጉር የሚያነሳውን ማሽንስ? ለጉብኝት ገብቼ ካየሁት ውስጥ ከልቤ ያልወጣው እሱ ነው።

ብርድ_ልብስ፦
ኦ! እሱማ ንጉሥ ነው። ከሽመና የወጣው ብርድ ልብስ መጀመሪያ ተራ ጨርቅ ነው፤ ብትነካው ኩርድድ ያለ። ትልቅ ከበሮ አለ፣ ዙሪያውን ቀጫጭን ጥቅልሎች የታሰሩበት፣ ጥቅልሎቹ ደግሞ በትናንሽ የሽቦ ጥርስ የተሸፈኑ። ከበሮው ወደ አንድ ወገን ይዞራል፣ ጥቅልሎቹ በየራሳቸው ይዞራሉ፣ ጨርቁ በላያቸው ይሄዳል። የጥርሶቹ ፍጥነት ከጨርቁ ትንሽ ስለሚለይ ክሩን ሳይበጥሱ ጫፍ ጫፉን ይጎትቱታል። አንዴ ሲያልፍ ሻካራ፣ ደግሞ ሲያልፍ ለስለስ፣ መጨረሻ ላይ እጅህ ይሰጥማል። ልዩነቱ ትንሽ ከበዛ ግን ጨርቁ ይቀደዳል። ማስተካከሉ የልምድ ነው፤ የኛ ፎርማን ጆሮውን እያቀና ነበር የሚያስተካክለው።

መሐል_ሜዳ፦
እኛ ጋ መንዝ ይህ ሁሉ በእጅ ነው። በጉ ይሸለታል፣ ጸጉሩ ይጸዳል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያ ባናው ይሠራል። ማሽን ካላችሁ ደጋኑ አይቆጠርም? ጅማቱ ሲመታ የተጣበቀው ጸጉር ብን ብሎ ይከፈታል። ድምፁም አለ፣ ድም ድም ይላል። የመንዝ በግ ጸጉር ሸካራ ነው፣ ለስስ ልብስ አይሆንም፤ ለብርድ ግን ባና የለበሰ ያውቀዋል። የፋብሪካው ከኔ ባና ይሞቃል የሚል ካለ ይምጣና ጓሳ ላይ ይደር።

እነዋሪ_መረሬ፦
የእርሻ ነገር አልተነሳም። የኛ አገር አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ውሃ ይዞ አይለቅም። ስለዚህ ውሃው እንዲጠፋ መደብና ቦይ ይወጣለታል፣ እነዋሪ ላይ ይህ በእጅ ሲሠራ ኖሯል። ቤተሰቡ በሙሉ አጎንብሶ ነው። የወገብ ነገር አታንሱ።

ኢልካ የሚባለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ደብረ ብርሃን ጣቢያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኢልካ ሰዎች ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን አጣምረው ቢቢኤም የምንለውን መደብ ማውጫ መሣሪያ ሠሩ። ክንፎቹ አፈሩን ወደ መሃል ይገፋሉ፤ 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ትቶ ይሄዳል። ከኋላ የምትጎተት ሰንሰለት የተዘራውን ዘር ትሸፍናለች። እኔ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው፤ ያችን ሰንሰለት ነበር የምከተላት። ዘሩ ይታያል፣ ሰንሰለቷ ታልፋለች፣ ዘሩ የለም።

ጉዳቱን አልደብቅም፣ ይከብዳል። ደካማ በሬ ያለው ሰው አይወደውም። ባለ አንድ በሬ ቀንበርም ሞክረው ነበር፤ እሱ ግን ገበሬው ዘንድ አልገባም። ሐሳቡ ደግ ነበር፣ አንድ በሬ ብቻ ያለው ድሀ መቀናጆ ከመለመን እንዲድን። አፈሩ ግን ለአንድ በሬ የሚንበረከክ አፈር አይደለም።

ጫጫታ፦
እኔ የቢራ ሙሌት መስመር! ደብረ ብርሃን ዳሸን ስላለ ብዙዎቻችሁ ጠርሙሱን ታውቁታላችሁ፣ አሞላሉን ግን አይመስለኝም። የትኛውም ቢራ ፋብሪካ ብትሄዱ ዘዴው ተመሳሳይ ነው። ቆርኪው ከመደፋቱ በፊት አንዲት ክር የምታክል የውሃ ጨረር ጠርሙሱ ውስጥ ትተኮሳለች። ቢራው አረፋ ያወጣል፣ አረፋው አንገቱ ላይ ያለውን አየር ገፍቶ ያስወጣዋል፣ ልክ አፉ ላይ ሲደርስ ቆርኪው ዱቅ! አየር ከቀረበት ጣዕሙ ይበላሻል። ይህ ሁሉ ጠርሙሱ እየሮጠ ነው።

የቆርኪውን ጥርስ ደግሞ ቁጠሩት፣ 21 ነው። ማታ ግሮሰሪ ላይ ተወራርዳችሁ አሸንፉበት፣ ድርሻዬን አትርሱ።

አቧራ፦
ግሬደር ሳይነሳ ይህ ክር ሊዘጋ ነው እንዴ? ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ያለው መንገድ ገና አስፋልት ሳይሆን።

ሰው ዶዘር ያያል፣ ጉልበት ስለሆነ። ግሬደር ግን ብልሃት ነው። ለምን ያን ያህል ረጅም እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የፊት ጎማዎቹ ወዲያ፣ የኋላዎቹ አራቱ ወዲህ፣ አፈር የሚገፋው ብሌድ መሃል። የፊት ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ መሃል ያለው ብሌድ ግማሹን ያህል ብቻ ነው የሚነሳው። የኋላዎቹ ጎማዎች ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሚዛን ላይ ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ ጉብታው እዚያም ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ በተመላለሰ ቁጥር ጉብታው ይሟሽሻል። ራሱ እየተንገጫገጨ መንገዱን ያስተካክላል። ጣርማበር፣ አንተ የምትፈልገው ይሄ አይደል?

የፊት ጎማዎቹ ሲያዘነብሉ አይታችሁ የተበላሸ የመሰላችሁም አላችሁ። ብሌዱ አፈሩን በሰያፍ ሲገፋ አፈሩም ማሽኑን ወደ ጎን ይገፋዋል። ኦፕሬተሩ ጎማውን ወደ ተቃራኒው ያዘነብላል፣ ማሽኑ መስመሩን አይለቅም። ጎበዝ ኦፕሬተር ብሌዱን ሲይዝ ጠዋት ተነስታችሁ ብታዩት አትጠግቡም።

ጣርማበር፦
አቧራ፣ ገደልከኝ። የኋላ ጎማዎቹን ነገር አስቤው አላውቅም። ግሬደር ባየሁ ቁጥር ወሬዬ ይሄ ሊሆን ነው፣ ቤተሰቤን እዘኑላቸው።

የስፌት መኪናን ማንም አላነሳውም?

መርፌና_ክር፦
እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር፣ መጠራቴ ካልቀረ ልናገር። ሃያ ሰው ብትጠይቁ መርፌው ክሩን ከላይ ወደ ታች ይዞ ይወጣል ይወርዳል ይላችኋል። ታዲያ ከታች ማን ይቋጥረዋል?

የእግር ሲንጀር ያላችሁ መርገጫውን ተዉትና መዘውሩን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። የታችኛዋን ክዳን ክፈቱ። መርፌው ይወርዳል፤ ቀዳዳው ጫፉ ላይ ስለሆነ ክሩን ይዞ ጨርቁን ያልፋል። እዚያ አይቆምም፣ ትንሽ ከፍ ይላል። በዚያች ቅጽበት ክሩ ከመርፌው ጀርባ ላላ ብሎ ቀለበት ይሠራል። ከታች ያለችው ሹል ቀለበቷ ውስጥ ትገባና ይዛት ትሄዳለች፤ የታችኛው ክር በተጠቀለለበት ማጠንጠኛ ዙሪያ በሙሉ ታዞራታለች። ማለትም የላይኛው ክር በታችኛው ክር ዙሪያ ሞልቶ ይዞራል። ከዚያ ከላይ ያለችው ክር ሳቢ ብድግ ብላ ትጎትተዋለች፣ ቋጠሮው ጨርቁ መሃል ይገባል። ይህ ሁሉ በአንድ ስፌት ነው።

ቀዳዳዋን ጫፍ ላይ ያደረገና በሁለት ክር የሚሰፋ መኪና ይዞ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1846 ፓተንት ያወጣው ኤልያስ ሃው ነው፤ ሲንጀር በ1851 ነው የመጣው። ተካሰሱበት፣ ሃው ረታ። ስሙ የቀረው ግን የሲንጀር ነው።

መሐል_ሜዳ፦
እህቴ፣ አንድ ጥያቄ። የባና ጠርዝ ለመዝመም ሲንጀር ላይ ስሰፋ ስፌቱ ይዘላል። ስስ ጨርቅ ላይ ምንም ችግር የለባትም። መኪናዋ አርጅታ ነው?

መርፌና_ክር፦
አይ፣ መኪናዋን አትማት። ቀጭን መርፌ ወፍራም ጸጉር ሲወጋ ይለመጣል። ሲለመጥ ከሹሏ ይርቃል፣ ሹሏም ቀለበቷን ሳትይዛት ታልፋለች። የዘለለው ስፌት እሱ ነው። 100 ወይም 110 ቁጥር መርፌ ግዛ። እግሩ ጨርቁን በደንብ መጫኑንም እይ፤ ባና ከፍ ዝቅ ስላለ ጨርቁ ከመርፌው ጋር አብሮ ከተነሳ ቀለበቱ አይሠራም።

መሐል_ሜዳ፦
መርፌ እንኳ በቅርብ ቀይሬ ነበር። ጠፍጣፋው ጎን ወዴት ነው የሚሆነው?

መርፌና_ክር፦
እንደ መኪናው ይለያያል። ክሩ ወደ ቀዳዳው ከሚገባበት ጎን በተቃራኒ ይሆናል። መርፌው ላይ ረጅም ቦይ አለ፣ በጥፍርህ ዳስሰው፤ ቦዩ ክሩ በሚገባበት በኩል ነው። አስገባና በእጅህ እያዞርክ ከታች እየው። ቀለበቷ ከሹሏ ጋር ስትገናኝ ካየሃት ስፋ፣ ካላየሃት ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ።